የቁልፍ ሠሪው ጫማ

ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ክፍሏን የምትከፍተው በትከሻዋ ነበር። ቁልፉን ከትታ ታዞረዋለች፣ እሱም ይዞራል፣ በሩ ግን ወይ ፍንክች። ያን ጊዜ ቦርሳዋን ለሲስተር ታቀብልና ትከሻዋን ሰጥታ ትገፋዋለች። አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች ይህን ለምደውታል። "በርቺ እናቴ!" ይሏታል ሴቶቹ። አንድ ሹፌርማ፣ "ዶክተር፣ ከሕክምናው በፊት ዕቃ ጫኝ ነበርሽ እንዴ?" እያለ በሽተኛውን ሁሉ ያስቀው ነበር።

በሩ እንዲህ የሆነው ጠጋኝ አጥቶ አይደለም። እንዲያውም በመንደሩ ውስጥ የሱን ያህል የተጠገነ በር አልነበረም። ጠጋኙ ጋሼ ቁልፉ ነው። ስሙን የሚጠራው ሰው ስለሌለ ስሙ ከናካቴው ጠፍቷል፤ ትልቅም ትንሽም ጋሼ ቁልፉ ነው የሚለው። ከሱቆቹ መንገድ መግቢያ ላይ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቁልፍ ይቀርጻል። መሞረጃው በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር የድሮ ነው። ቀኝ እግሩ ሲረግጥ ድንጋዩ ይዞራል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ ብናኙም እየብለጨለጨ ጉልበቱና ጫማው ላይ ይረግፋል። ቤቱን ያቆመችው ያቺ እግር ናት። ሚስቱን የቀበረው፣ ልጁን ያስተማረው በሷ ነው።

ሰውየው ስኳር አለበት። ስኳር ደግሞ አንዳንዱን ሰው ከእግሩ ነው የሚጀምረው። ጋሼ ቁልፉም እግሩ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ሚስማር ቢወጋው፣ ፍም ቢረግጥ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እግሩን ተቆርጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ነው የሞተው። ሐኪሟ ይህን ከሱ አፍ ሰምታለች። ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ለራሷ የገባችው ቃል አለ። ለሱም እየሳቀች ትነግረው ነበር፦ "ጋሼ፣ እርስዎን ከሁለት እግርዎ ጋር ነው የምናስቀብርዎት።"

"እንዲያ ከሆነማ ሣጥኑ ረዘም ይበልልኝ" ይላል እሱ።

ይህ ቀልድ እንዲህ በቀላሉ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጫማውን አላወልቅም ብሎ አስቸግሯት ነበር።

"ጋሼ፣ እግርዎን ልየው።"

"እግሬ ምን ሆነ? እግሬ ደህና ነው።"

"እንዲያው ልየው።"

"ልጄ፣ እግሬን ያየችው ሚስቴ ናት፤ እሷም ሞታለች" አለና ፊቱን ቅጭም አደረገ።

ሐኪሟ አልገፋችውም። መጠበቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። የቤተሰብ ሐኪም ሰውን ከነቤቱ ነው የሚያየው። የልብስ አጣቢዋ ራስ ምታት ባሏ ሥራ ፈትቶ ቤት ሲውል እንደሚነሳባት ታውቃለች። የሹፌሩ ልጅ ሳል ከአልጋው ጀርባ ካለው እርጥብ ግድግዳ እንደሚመጣ ቤቱ ድረስ ሄዳ አይታለች። ይህን ያወቀችው ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሰዎቹ ስለሚመላለሱባት ነው። አንዱ ዛሬ ያልነገራትን በሚቀጥለው ይነግራታል፤ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ሊወጣ በሩን ከያዘ በኋላ፣ "እእ… ዶክተር፣ አንድ ነገር ረስቼ" ይላታል። ዋናው ነገር ያ ነው።

ጋሼ ቁልፉም ያን ቀን ሊወጣ በሩን ሲይዝ በሩ አልከፈት አለው። ታገለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን በአንድ ዓይኑ አየና የሌላ ሰው መልክ ያዘ፤ ትከሻው ተስተካከለ፣ ድምፁም ጠና።

"ማነው ይህን ያበላሸው?"

"እንጃ። ስመጣም እንዲህ ነበር።"

"ነውር ነው!" አለና ከኪሱ ሞረድ አውጥቶ ተንበረከከ። ሞርዶ ሞርዶ፣ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሲያበቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሐኪሟ ኪሷን ስትነካ ግን ተቆጣ። "ገንዘብ አላልኩሽም!"

"እንግዲያው እኔም ባዶ እጅዎን አልሰድዎትም። እርስዎ ቁልፌን አይተዋል፤ እኔ ደግሞ እግርዎን ልይ።"

ጋሼ ቁልፉ በሩን አየ፣ ጫማውን አየ። ውለታ ሳይመልስ መሄድ የማይሆንለት ሰው ነው። ሳይመለስለት መቅረትንም ቢሆን አይወድም። ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ። ካልሲው ተረከዙ ላይ በወንድ እጅ ተሰፍቷል፤ ክሩም የሌላ ቀለም ነው። ሐኪሟ ጫማውን ወረቀት ላይ ስትገለብጠው የብረት ብናኝ ረገፈ፤ ከመካከሉ አንዱ እንደ ጥፍር የሰላ ነው። እግሩ ሥር ቆስሏል። እሱ አልተሰማውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልማዳቸው ይህ ሆነ። ጋሼ ቁልፉ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይጠግናል፤ ከዚያ ሳይባል ጫማውን ያወልቃል፤ እሷ ጫማውን ወረቀት ላይ ትገለብጣለች፤ ቁስል ካለ ታጥባለች። በሩ ግን አልድን ብሎ ቀረ። ሲስተር፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ አፏ የማያርፍ ሴት፣ "ኧረ እኚህ ሰውዬ ሆን ብለው ነው የሚያበላሹት!" ትላለች። "ተይ፣ ይሰማሉ" ትላለች ሐኪሟ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ በቀረ! ግን ወረፋው ነበረ።

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የየራሱን ሐኪም በር ይዞ ነበር የሚቀመጠው። የሷ በር ላይ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ፣ ሰው በሚደገፍበት ልክ፣ የራስ ወዝ መስመር ሠርቷል። ከወዲያ ማዶ ያለው ወጣት ሐኪም ደግሞ እጁን አጣጥፎ በር በሩን ያያል። አንድ ቀን የደረሰች ነፍሰ ጡር የሷን በር ስትጠብቅ ውላ እዚያው አግዳሚው ላይ ወደቀች። ልጁ ተረፈ፣ እሷም ተረፈች፤ ሐኪሟ ግን ያን ጊዜ እንቅልፍ አጣች። አስባ አስባ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ክፍል የሄደችው በገዛ እግሯ ነው።

"አንድ ወረፋ ይሁን" አለችው። "ሰው ሲመጣ ተራ ቁጥር ይያዝ። እጁ ባዶ የሆነ ሐኪም ቀጣዩን ይጥራ። ያንተ የኔ የለም።"

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሳ። "ዶክተር፣ ዓይኔን ነው ያበራሽልኝ!"

ሲስተር ብቻ ሻይዋን እያማሰለች፣ "እና ጋሼ ቁልፉ በምን ሊገቡ ነው?" አለች። ሐኪሟ ሳቀች። "በቁጥር!"

ግድግዳው ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ቁጥር ሲለወጥ ደወል ይጮኻል። መሬት የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። የሚወድቅም ጠፋ። ሐኪሟ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ መግባት ጀመረች። ሰዎች ቁጥር እየተለዋወጡ ሲጣሉ ጊዜ፣ ቁጥር መለዋወጥ ክልክል ነው የሚለውንም ያስለጠፈችው እሷው ናት። ነገሩ ያምር ነበር፤ ያማረበትንም ምክንያት ታውቃለች።

እያደር ግን የሚገባባት ሰው ሁሉ እንግዳ ሆነ። ልብስ አጣቢዋን አንዱ ያያታል፤ የሹፌሩን ልጅ ሌላው ያየዋል፤ ለሳሉ ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ ልጁ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ሐኪም ሌላ ሽሮፕ ይሰጠዋል። ሐኪሞቹ ሰነፎች አይደሉም። ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ደወሉ ያስቸኩላቸዋል። በር ከያዘ በኋላ "አንድ ነገር ረስቼ" የሚል ሰው አልነበረም። ለማያውቁት ሰው ምን ተብሎ ይረሳል?

ጋሼ ቁልፉም ቁጥር እየያዘ መጣ። ቁጥሩ አንድ ቀን ወደ ወጣቱ ሐኪም፣ ሌላ ቀን ወደ ሌላዋ ሰደደው። "የሚያምዎት ነገር አለ?" ይሉታል። "ምንም የለም፣ ተመስገን" ይላል። ክኒኑ ይታዘዝለታል፤ ይወጣል። እዚያ የሚጠገን ነገር አልነበረም፤ የነዚያ ሰዎች በር ደህና ነው።

አንድ ጊዜ ቁጥሩን ከኋላው ለነበረች ሴት ሰጥቶ የሷን ወስዶ ነበር፤ የሐኪሟ በር ይደርሰኛል ብሎ አስልቶ። አዲስ የተቀጠረችው ተራ አስከባሪ ደረሰችበት። "አባባ፣ ማስታወቂያውን አላዩም?" ብላ ወደ መጨረሻ መለሰችው። ሲስተር ይህን ለሐኪሟ ስትነግራት ሐኪሟ አዘነች። የማዘኛ ጊዜዋ ግን አጭር ነበር፤ ደወሉ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ።

"ዶክተርዬ፣ በርሽስ?"

"ደህና ነው ጋሼ።"

"ጠዋት ሲያታግልሽ አይቼ ነበር እኮ። ሞረዴን ይዣለሁ።" ኪሱን መታ መታ አደረገ። "አንዴ ገባ ብዬ ልየው?"

ከኋላዋ ደወሉ ጮኸ። "ዛሬ አይሆንም ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ሌላ ቀን።"

"ይሁን፣ ይሁን። ሌላ ቀን።" ለመኪና መንገድ እንደሚለቅ ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋት። ስታልፍ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ መቆሙን ዓይኗ አይቷል። ልትመለስም አስባ ነበር። ደወሉ ደገመ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣችው የጋሼ ቁልፉ ልጅ ናት። ቁጥር አልያዘችም። ተራ አስከባሪዋ እጇን ብትይዛትም ጎትታት እስከ ሐኪሟ በር ደረሰች፤ በሩንም በጡጫ መታችው።

"ቤታችን ሸተተኝ" አለች፣ በሩ ሲከፈት። ትንፋሽ አጥሯታል። "አይጥ የሞተ መስሎኝ ዕቃውን ሁሉ አወጣሁ። ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ገፋሁት። ለካ አባዬ ነው። ካልሲውን አላወልቅም አለኝ፣ ዶክተር። እኔን አባረረኝ!"

ሐኪሟ ክፍል ውስጥ የነበረውን በሽተኛ ይቅርታ ጠይቃ፣ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ከልጅቷ ጋር በመንገዱ ሮጠች። ቆርቆሮ ቤቷ ተዘግታለች። ቤት ሲደርሱ ጋሼ ቁልፉ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፣ ጫማውን ግን አድርጓል።

"በርሽን ጥለሽ መጣሽ?" አላት።

ተንበርክካ ማሰሪያውን ፈታች። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ከጣቶቹ አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው። ጫማውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። የስንት ወር ብናኝ አብለጭልጮ ተዘረገፈ፣ ግማሹ ዝጓል። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ትልቁ ሆስፒታል እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጠው። ቀኙን፣ የሚረግጥበትን። ቀዶ ሐኪሙ ደክሞት ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ እሷን ሲያይ ቁጥሩ ከመጣ ወዲህ የወጣውን የጣቢያውን ካርድ ዘረጋላት። "ይሄ እግር በአንድ ቀን እንዲህ አልሆነም። የማን በሽተኛ ነው?"

"የኔ" አለች።

ካርዱን ገለበጠው። ፊርማዎቹን በጣቱ እየነካ፣ "እዚህ ላይ አምስት ሐኪም ፈርሟል። የትኛዋ ነሽ?"

አንዱም የሷ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከሌሎች ጣቢያዎች እንግዶች መጡ፤ አዲሱን አሠራር ሊማሩ። ኃላፊው ሰሌዳውን፣ አግዳሚውን፣ ባዶውን ወለል አሳያቸው። "ድሮ ሰው እዚህ ተቀምጦ ይመሽበት ነበር። አሁን ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት ይወጣል! ሐሳቡ የዶክተር ነው" አለና ወደ ሐኪሟ አመለከተ። አጨበጨቡላት። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

"አንድ ሰውዬ አለ…" ብላ ጀመረች። እግሩ እንዴት እንደተቆረጠ ነገረቻቸው፤ ስለ ጫማውም ነገረቻቸው። በጥሞና ሰሟት። አንዱ እንግዳ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ "ያሳዝናል። እንደሱ የሆኑ ስንት ናቸው?" አላት።

"እኔ የማውቀው አንድ።"

"አንድ" አለ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንደቆመ። ሳይጽፈው ቀረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ኃላፊውን ክፍሉ ድረስ ተከተለችው። የልጆቹ ፎቶ ያለበት ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ለየሠፈሩ አንድ ሐኪም ይመደብ፣ ሰው ወደሚያውቀው ይመለስ ብላ ለመነችው። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። እስክትጨርስ ሰማት።

"እሺ፣ በማን?" አላት። "ወጣቱ ዶክተር በሚቀጥለው ወር ሊለቅ ነው። የሱን ሠፈር ለማን ልስጥ? ላንቺ? በርሽ ላይ እንደገና ይሰለፉ? ያቺ ነፍሰ ጡር ስትወድቅ ተሸክመን ያስገባናት እኔና አንቺ ነን። ነገ ሌላዋ ስትወድቅ ምን ልበላት? ጋሼ ቁልፉ እግሩን እንዲያሳይ ብዬ ነው ልበላት?"

ሐኪሟ አንድ ሐኪም ቢጨመርልን፣ ልትል ነበር፤ ኃላፊው ስንት ጊዜ ጠይቆ ስንት ጊዜ የለም እንደተባለ ግን ታውቃለች። ያን ሰው መውቀስ እንኳ አልቻለችም። ወንበር ሳትስብ እንደቆመች ወጣች።

ያን ዕለት ከሥራ በኋላ አንድ ነገር አደረገች። ከሲስተር ቢላዋ ተውሳ የበሯን ቁልፍ ብሎን በብሎን ፈታችው። ሲስተር እያየቻት፣ "አሁንስ ይቺን ሴት ሥራው አናቷ ላይ ወጣባት" አለች፤ ቀጥላ ግን ብሎኖቹን በመዳፏ እየተቀበለች ያዘችላት።

ቀኝ እግሩ ሄዷል፤ ግራው ግን አለ። ስኳሩም አለ። አሁን የቀረላት ያ ግራ እግር ነበር።

ጋሼ ቁልፉ ቤት መሞረጃው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። እሱ አልጋው ላይ ነው፣ ጢሙ አድጓል፤ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ባዶ ሆኖ ተኝቷል። ልጅቷ ወንበር አቀረበችላት።

"ጋሼ፣ ተቸገርኩ" አለች ሐኪሟ፣ ድምጿን አነቃቅታ። "ይሄ ነገር ጨርሶ እምቢ አለኝ። አምጥቼልዎታለሁ።" ቁልፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

አነሳው። እጁ እንደ ድሮው ዞረበት፤ ወደ ብርሃኑ አቀረበው፣ በአንድ ዓይኑ አየው፣ መክፈቻውን ከትቶ አዞረው። ቀጭ አለ።

"ይሄ ምንም አልሆነ" አላት።

"እንዴት? በሩ እኮ አልከፈት…"

"መቃኑ ነው፣ ልጄ። እንጨቱ በዝናብ አብጧል። ያን ጊዜም ያው ነበር። አናጢ ጥሪ ልልሽ ነበር…" ቁልፉን መልሶ ዘረጋላት። "ከዚያ ምን ይዤ እመጣ ነበር?"

ሐኪሟ ቁልፉን አልተቀበለችውም። ዝቅ ብላ የብርድ ልብሱን ጫፍ በዝግታ ያዘች። "ግራውን ልየው ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

እግሩን ሰበሰበው። ቀስ ብሎ ነው የሰበሰበው፣ ሕፃን ከብርድ እንደሚሰበስብ። "አልሠራሁልሽም እኮ።"

"ምንም አይደል!"

"ቁጥርም አልያዝኩም" አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። ቁልፉን ብርድ ልብሱ ላይ ተወው፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሂጂ ልጄ። ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

ልጅቷ ሻይ ይዛ ገባች። ሐኪሟ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች፤ "ጋሼ" አለችው፣ ቆይታም ደገመች። ጀርባው ይነሳል፣ ይወርዳል። አልዞረም። ስትወጣ ልጅቷን ደጅ ላይ ይዛ፣ ሲተኛ ጠብቃ እግሩን እንድታየው፣ ቁስል ካየች ሮጣ እንድትመጣ ለመነቻት። ልጅቷ "እሺ" አለች፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ተክላ ነበር። እሷም አባቷ ካባረራት ወዲህ እግሩን ነክታው አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ቁልፍ አልነበረውም፤ በቁልፉ ቦታ ቀዳዳ ብቻ ነበር። እንጨቱ ግን እንዳበጠ ነው። ሐኪሟ ቦርሳዋን ለሲስተር አቀበለችና ትከሻዋን ሰጥታ ገፋችው። አንዴ ገፋችው፣ ደግማ ገፋችው። አግዳሚው ላይ ሰው ሞልቷል። ማንም "በርቺ" አላላትም፤ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ቀዩን ቁጥር ያይ ነበር።